የእንጨት ታፖ በደምበል መንገድ

ወልደሥላሴ አሮጌዋን ላንድሮቨር ከጅጅጋ ለማስነሣት በተዘጋጀበት ማለዳ፣ እንደ ልማዱ ከሆዷ ሥር ገብቶ ብሎኖቿን ሁሉ በእጁ ዳሰሰ። የሞተሩን ዘይት የቀየረው በዋዜማው ነበር። ዘይቱ የሚፈስበትን ቀዳዳ የሚዘጋውን ብሎን፣ መካኒኮች ታፖ የሚሉትን፣ በቁልፍ አጠበቀው፤ ብሎኑም ጠበቀ። ወልደሥላሴ ግን በእጅ ኃይል ብቻ የጠበቀውን ነገር አያምንም ነበር። ከወንበሩ ሥር የማትለየውን የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አውጥቶ በቁልፉ እጀታ ላይ አጠለቃት፤ በረዘመውም እጀታ ላይ መላ ሰውነቱን ጥሎ ገፋ። ብሎኑ አንድ ጊዜ ሲጥ አለና ከዚያ በኋላ በቀላሉ ዞረ። ወልደሥላሴ ያን ቀላልነት እንደ መታዘዝ ቈጠረው፤ እጁንም ጠርጎ ወጣ።

ቧንቧዋ አንድ ጫፏ እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት፣ ሌላው ጫፏ ከብዙ ዓመት ግፊት የተነሣ ወደ ታች የጎበጠ ነበር። ወልደሥላሴ ከመሐል አገር መጥቶ በጅጅጋ ጋራዥ ከከፈተ ጀምሮ አብራው ኖራለች፤ ጎማው ድንጋይ በረገጠ ቁጥርም ከወንበሩ ሥር ትንኳኳ ነበር። እርሱ ያጠበቀውን ብሎን ከእርሱ በቀር የሚፈታ እንደሌለ የከተማው ሾፌሮች ያወሩ ነበር። እርሱም ወሬውን በምስጋናነት ይቀበለው ነበር፤ የሚያወሩት ሁሉ ግን ማመስገናቸው አልነበረም።

በፊት ወንበር ላይ ወይዘሮ ባቱሎ ተቀምጠዋል፤ በደምበል ወረዳ ዳር ያለችው መንደራቸው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የብረት ዘንግ እንደ ሕፃን በጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ዘመኑ ፲፱፻፺፯ ዓ.ም. ነው፤ ሶማሌዎች ጅላል የሚሉት ረጅሙ ደረቅ ወቅት ሊያልቅ ተቃርቧል። የመንደሪቱ የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ዘንጉ ተሰብሮ ከቆመ ወዲህ ግመሎቹ ወደ ሩቅ ውሃ ተነድተዋል፤ ፍየሎቹና ሽማግሌዎቹ ግን ያን መንገድ አይችሉትም። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ እስከ ዓርብ የጁምዓ ሶላት ውሃ ካልወጣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ጎጆውን ነቅሎ ወደየዘመዱ እንዲበተን ወስነዋል። ወይዘሮ ባቱሎ ዘንጉን በልኩ የሚሠራ ሰው ፍለጋ ጅጅጋ ገቡ፤ ወልደሥላሴ ሠራላቸው፤ ራሱ ሄዶ ሊገጥመውም ቃል ሰጠ። ማለዳው የሐሙስ ማለዳ ነበር።

መኪናዋ ወደ ሰሜን ገሰገሰች። የካራማራ ሸንተረር በስተግራ ለጥቂት ጊዜ ተከተላቸውና ወደ ኋላ ቀረ። ሜዳው ተዘረጋ፤ ሰው የሚመስሉ የምስጥ ኩይሳዎች በመንገዱ ዳርና ዳር ቆመው አሳለፏቸው። ወይዘሮ ባቱሎ መንገዱን ሁሉ ሥራ አልፈቱም፤ የወተት ዕቃ የሚሸመንበትን የሥር ቃጫ ከከረጢታቸው እየመዘዙ ያከርሩ ነበር።

ቀትር ሳይሆን ነፋስ ተነሣ። በመጀመሪያ ቀያይ የአቧራ ዓምዶች በሜዳው ላይ ለየብቻቸው ተሽከረከሩ፤ ቀጥለው ተጋጠሙና ግድግዳ ሆኑ። ፀሐይ እንደ ተላጠ መዳብ ደበዘዘች። ወልደሥላሴ መብራት አበራ፤ መንገዱ ግን ከጎማው ሥር ጠፋ። ሊያቆም ሲል ወይዘሮ ባቱሎ ከለከሉት፤ አሸዋው በቆመ መኪና ላይ እንደሚከመር ነገሩት። መስኮታቸውን በጣት ስፋት ከፍተው ነፋሱን በቀኝ ጉንጫቸው ያዙት፤ ነፋሱ ወደ አፍንጫቸው ሲዞር ወደ ግራ፣ ወደ ጆሯቸው ሲሸሽ ወደ ቀኝ እንዲመልስ እያዘዙ መሩት። መኪናዋ ድንጋይ ወጣች፤ ጉድባ ወረደች፤ ቧንቧዋም ከወንበሩ ሥር ሳታቋርጥ አንኳኳች።

አቧራው በሳሳ ጊዜ ራሳቸውን ከመንገዱ ጥቂት ወጣ ብለው፣ ጥቁር ድንጋይና ግራር በበዛበት ምድረ በዳ መካከል አገኙት። ወልደሥላሴ በእፎይታ ዓይኑን ከመሪው ፊት ወዳሉት መለኪያዎች መለሰ፤ የዘይቱ ግፊት መርፌ ወርዶ ተኝቷል። በዚያችው ቅጽበት ሞተሩን አጠፋ፤ ዘሎም ወርዶ ከመኪናዋ ሥር ተንሸራተተ። ታፖው በቦታው አልነበረም። ከቀዳዳው የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር ዘይት ይንዠቀዠቃል፤ ደረቁም ምድር ይጠጣዋል። ሌላ የሚያስበው ስላልነበረው አውራ ጣቱን በቀዳዳው ወተፈ። ዘይቱ የሚጋረፍ ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ ቻለው።

«ኤዶ» አለ ከሥር፤ ሶማሌዎች አክስታቸውን እንደሚጠሩ እርሱም እንዲሁ ይጠራቸው ነበር። «የሚቀበል ዕቃ ይስጡኝ።»

«ጀሪካኑ የምንጠጣው ውሃ ነው።»

«እርሱ አይደፋም።»

ወይዘሮ ባቱሎ በሙሽርነታቸው ዘመን የሸመኑትን፣ ከተማ ላለችው እኅታቸው ወተት ወስደውበት ባዶውን የሚመለሰውን ዕቃ አመጡ። በጢስ ታጥኖ ጠቁሯል፤ ሽመናውም ከጥብቀቱ የተነሣ ውሃ አያሳልፍም።

«ከዛሬ በኋላ ወተት አይገባበትም» አሉና ከመኪናዋ ሥር ገፉለት።

ወልደሥላሴ የተቃጠለ ጣቱን ነቀለ፤ ዘይቱም በዕቃው ውስጥ ይንቆረቆር ጀመር። ዕቃው ታቹ ክብ ስለሆነ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው፤ እግሮቹ ግን ከመኪናዋ ውጭ ተዘርግተው ነበር። በዚህ ጊዜ ከግራሮቹ መካከል ውሃ ከጠባብ አንገት ሲፈላ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። አንድ ኮርማ ግመል፣ እንስቶቹን ሲጠብቅ ከመንጋው የራቀ፣ አንገቱን ወደ መሬት ዘርግቶ መጣ። ፍትወት ያሳበደው ነበር፤ ከአፉ ጎን ላንቃውን እንደ ቀይ ፊኛ ይነፋል፤ አረፋው ደረቱን ሸፍኖታል። እንዲህ ያለው ግመል ሰውን በጥርሱ ጎትቶ ይጥልና በደረቱ ይፈጨዋል።

«እግርህን ሰብስብ» አሉ ወይዘሮ ባቱሎ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

«ከሰበሰብሁ ዘይቱ ይደፋል።»

ግመሉ ደረሰ፤ የሱሪውንም ጫፍ ነክሶ ጎተተ። ወልደሥላሴ በጀርባው ተንሸራተተ፤ ዕቃውን ግን አልለቀቀም። ወይዘሮ ባቱሎ በመኪናው ውስጥ ተሰቅሎ የነበረውን የወልደሥላሴን ኮት፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ብቸኛ ኮቱን፣ አወረዱና በግመሉ ፊት ወረወሩት። ግመል የተቈጣበትን ሰው ልብስ ካገኘ ቁጣውን በልብሱ ላይ እንደሚወጣ አርብቶ አደር ሁሉ ያውቃል። ግመሉ ሱሪውን ለቀቀ፤ ኮቱን አሸተተ፤ ተንበረከከበትም። እጅጌውን ቀደደ፤ ገበሩን አወጣ፤ በደረቱ ከጠጠሩ ጋር ፈጨው። ወልደሥላሴ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ ይህን ሁሉ አየ፤ የመጨረሻዋም የዘይት ጠብታ በዕቃው ውስጥ ስትወድቅ ሰማ።

የግመሉ እረኛ ገመድ ይዞ እየሮጠ ደረሰና ግመሉን አፉን አስሮ ወሰደው። ከመሄዱ በፊት ግን በአገሩ ወግ ወሬ ጠይቆ ወሬ ሰጠ፤ በምዕራብ ኮረብታዎች ላይ ዘንቦ በፊታቸው ያለው ደረቅ ወንዝ ጎርፍ እንዳወረደ፣ ማታ ደግሞ የበለጠ እንደሚመጣ ነገራቸው። ስለ ኮቱ ይቅርታ ሲጠይቅ ወይዘሮ ባቱሎ፣ ግመሉ ከወልደሥላሴ ይልቅ ኮቱን በመምረጡ ማመስገን እንደሚገባ መለሱለት።

ወልደሥላሴ የዘይቱን ነጠብጣብ ተከትሎ ወደ ኋላ ሄደ። ታፖውን በሁለት ድንጋዮች መካከል አገኘው። በልቡ ድንጋዮቹን ከስሶ ነበር፤ ነገር ግን በብሎኑ ራስ ላይ አንዳች የምት ምልክት አልነበረም። በጥርሶቹ መካከል የሚያብለጨልጭ የብረት ፍቅፋቂ እንደ ክር ተጠምጥሞበታል፤ የቀዳዳው ጥርስ ነበር። የማለዳው ሲጥታ ትዝ አለው። ወልደሥላሴ ስንፍናን ሲኰንን የኖረ ሰው ነበር፤ ትጋትም ከልኩ ሲያልፍ እንደ ስንፍና እንደሚያጠፋ በዚያን ቀን ስንኳ ለማመን ከበደው። ብረቱ ግን በእጁ ላይ ነበር።

ተመልሶ በፊታቸው ቆመ። «ድንጋይ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ጠዋት ከልክ በላይ አጠበቅሁት። ጥርሱ ተበልቷል፤ ሌላ ብሎንም አይዝም።»

ወይዘሮ ባቱሎ ብሎኑን ተቀብለው አገላበጡት። «እንግዲያ አሁን በልኩ ዝጋው» አሉና መለሱለት።

ወልደሥላሴ ከደረቀ ግራር ውታፍ ጠርቦ በቀዳዳው ገጠመና በመዶሻ መታው። ገባ። አንድ ጊዜ ደግሞ መታው፤ በቂ ነበር። ይሁንና በቂ መሆኑን ስላላመነ ሦስተኛ መታ፤ እንጨቱም ከራሱ እስከ ጫፉ ለሁለት ተሰነጠቀ። መዶሻው ከመኪናዋ ሥር ተወርውሮ እጁ ከማይደርስበት ወደቀ።

ሁለተኛውን ውታፍ በዝግታ ጠረበው። ወይዘሮ ባቱሎ ያከረሩትን ቃጫ አቀረቡ። የሚያጣብቀው ነገር በጠፋ ጊዜ ወልደሥላሴ ራሱ በግራሮቹ ግንድ ላይ እንደ ማር የተንጠለጠለውን ሙጫ አየ። ሙጫው በዘይት እንደማይሟሟ፣ በውሃ ግን እንደሚሟሟ፣ ሁለቱም ከየሥራቸው ያውቁ ነበር። ሙጫውን ለማለስለስ ማኘክ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለቱም በድንጋይ ላይ ተቀምጠው በጽሞና አኘኩ።

«አላህ እነዚህን ጥርሶች እስከዚህ ዕድሜ ያቆየልኝ ለመኪና ኖሯል» አሉ ወይዘሮ ባቱሎ።

ወልደሥላሴ ከጅጅጋ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀ። ቃጫውን በእንጨቱ ላይ ጠመጠመ፤ በሙጫ ለወሰው፤ ወደ ቀዳዳውም በጣቱ እያዞረ አስገባው። እምቢ እስካለው ድረስ ብቻ አዞረ፤ ከዚያም እጁን አነሣ። እጁን ማንሣት ከሥራው ሁሉ ከበደው።

ሙጫው እስኪደርቅ ሲጠብቁ የውሃ ቦቴ እየጮኸ መጣና አጠገባቸው ቆመ። ባለቤቱ ሱጉሌ ይባላል፤ ጉድጓዱ ከተበላሸ ወዲህ ለዚያ አካባቢ ውሃ የሚሸጥ እርሱ ነው። በመስኮቱ ተደግፎ የሰዎቹን ጤና፣ የግመሎቹን ጤና፣ የመንገዱንም ወሬ ጠየቀ። ቀጥሎም ዓይኑ በዘይት የተሞላው የወተት ዕቃ ላይ ዐረፈ።

«ኤዶ፣ የዘንድሮ ወተት ጠቁሯል።»

«ላሟ አርጅታ ነው» አሉ ወይዘሮ ባቱሎ፣ በአገጫቸው መኪናዋን እያመለከቱ።

ሱጉሌ ወርዶ ከሥር አየ፤ ቆሞም ልብሱን አራገፈ። ጥሩ ገመድ እንዳለውና መኪናዋን ያለ ዋጋ እስከ ጅጅጋ ጋራዥ ሊጎትታት ፈቃደኛ መሆኑን ተናገረ። ወደ ፊት ግን ሊጎትታት እንደማይችል፣ ጭነቱም እንደማይፈቅድለት ጨመረ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ የሚጠቅመውን የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር።

«ጋሽ ወልደሥላሴ» አለ፤ «በእንጨት የተዘጋ ሞተር ይዘው ደምበል ሊገቡ ነው? ከተቃጠለ መኪናዎን ማን ይተካልዎታል? ጉድጓዱ እንደሆነ የትም አይሄድም።»

ያቺ መኪና የወልደሥላሴ እንጀራ ነበረች፤ እንጨቱንም እንደ ብረት አያምነውም። ወደ ወይዘሮ ባቱሎ ቢመለከት እርሳቸው ወዲያ ማዶ ያዩ ነበር፤ ምርጫውን ለእርሱ ትተውለታል። ዘንጉ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ በወንበሩ ላይ ነበር።

«ጉድጓዱ አይሄድም፤ ሰዎቹ ግን ነገ ይሄዳሉ» አለ በመጨረሻ። «እኔም ቃል የሰጠሁት ለነገ ነው።»

ሱጉሌ ትከሻውን ነቀነቀና ወደ መኪናው ዞረ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ባቱሎ ጀሪካናቸውን አንሥተው በፊቱ አቆሙት። በዚያ አገር በመንገድ የቀረን ሰው ያለ ውሃ አልፎ የሚሄድ የለም፤ ውሃ ሻጭም ቢሆን አያልፍም። ሱጉሌ እያጉረመረመ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞላ፤ እነርሱም በፊቱ ጠጡ። ከዚያ ቦቴው አቧራውን አልብሷቸው ሄደ።

ሙጫው እንደ መስተዋት ደረቀ። ወልደሥላሴ በዕቃው የተጠራቀመውን ዘይት በኮቱ ቁራጭ አጥልሎ መለሰ፤ በትርፍ የያዘውንም ጥቂት ዘይት ጨመረበት፤ ሞተሩንም አስነሣ። መርፌው ተንቀጠቀጠና ተነሣ። ከሥር ገብቶ ባየ ጊዜ ከእንጨቱ ዙሪያ አንዲት ጠብታ እንኳ አልነበረችም።

ፀሐይ ስታዘነብል ወንዙ ደረሱ። ጠዋት አሸዋ የነበረው ቦታ ቡናማ ውሃ ይተራመስበታል፤ ከላይ ከምዕራብ በኩልም ደመናው ጠቁሯል። በመሻገሪያው መካከል የሱጉሌ ቦቴ የኋላ ጎማዎቹ በአሸዋ ተውጠው ቆሟል፤ ረዳቱ ጣራው ላይ ወጥቷል። ሱጉሌም ከወገቡ በታች በውሃ ውስጥ ሆኖ በአካፋ ይታገላል፤ የሚዝቀውን ያህል ውሃው ይመልሳል። በጎኑ ላንድሮቨሯ ብቻዋን ልታልፍ የምትችልበት ጠባብ መንገድ ነበር።

ወልደሥላሴ መኪናዋን በዳር አቆመ። ቦቴውን መጎተት ሞተሩን ማስጨነቅ ነው፤ እንጨቱም ያን መቻሉን አያውቅም። ትቶ ማለፍ ደግሞ ይቻላል።

«ውሃውን ጠጥተናል» አሉ ወይዘሮ ባቱሎ።

ውሃው ሙጫውን እንዳያሟሟው ወልደሥላሴ ከወይዘሮ ባቱሎ ስንቅ ቅቤ ተቀብሎ የእንጨቱን ራስና ዙሪያውን በወፍራሙ ቀባ። በጠባቡ መንገድ አልፎ ማዶ ወጣ፤ የቦቴውንም የብረት ገመድ ከኋላው አሰረ። እግሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ሊረግጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የዕድሜ ልክ ልማዱ ነውና። አልረገጠም። ገመዱ እስኪወጠር በጥቂት በጥቂቱ ሄደ፤ ከተወጠረም በኋላ ኃይሉን ብርጭቆ እንደሚሞላ ሰው እያየ ጨመረ። ዓይኑ ከመርፌው አልተነሣም። መርፌው ወረደ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ቆመ። ጎማዎቹ አሸዋውን ነከሱ፤ ቦቴው አቃሰተ፤ የተዋጠውም ጎማ ከጉድጓዱ እየተምቦረጨቀ ወጣ።

ቦቴው ዳር ከደረሰ ጥቂት ቆይቶ ከላይ በኩል እንደ ከብት መንጋ የሚያጓራ ድምፅ መጣ። ሁለተኛው ጎርፍ ግንድና ቁጥቋጦ እያንከባለለ መሻገሪያውን ጠራረገው። አራቱም ሰዎች ቆመው ተመለከቱ።

«በእንጨት የተዘጋ ሞተር ጎተተኝ» አለ ሱጉሌ፣ ውሃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ። «ይህን በጅጅጋ ብናገር ማን ያምነኛል?»

«አትናገር» አሉ ወይዘሮ ባቱሎ፤ «አንተም ቦቴህን አሸዋ ላይ መትከልህን እኛ አንናገርም።»

ሱጉሌ ሣቀ፤ ከመሣሪያ ሣጥኑም አንድ ቆርቆሮ ዘይት አውጥቶ በላንድሮቨሯ ወለል ላይ አስቀመጠ። ስለ ጅጅጋም ስለ ጉተታም ዳግመኛ አላነሣም።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ መንደሪቱ ገቡ። ከጎጆዎቹ ግማሾቹ የሚሸፍናቸው ምንጣፍ ተገፎ አጥንታቸው ብቻ ቆሟል፤ ፍየሎች በባዶው ገንዳ ዙሪያ ተኮልኩለው ብረቱን ይልሱ ነበር። ዓርብ ማለዳ ወልደሥላሴ ፓምፑን ፈታ፤ ዘንጉን አስገባ፤ ብሎኖቹንም አንድ በአንድ መለሰ። በመጀመሪያው ብሎን ላይ እጁ በራሷ ወደ ቧንቧዋ ሄደች፤ ያዘቻት፤ መልሳም አስቀመጠቻት። ሁሉንም በእጅ ኃይል ብቻ አጠበቀ፤ እምቢ ሲሉትም አመናቸው።

የፓምፑ ሞተር ተነሣ። ጉድጓዱ ከጥልቁ አጓራ፤ ዝገት ተፋ፤ ከዚያም ውሃው ወጣ። ይሁን እንጂ ውሃውን ወደ ገንዳው የሚያደርሰው ቧንቧ በዝገት ተበልቶ ወድቆ ስለ ነበር፣ ውሃው ከፓምፑ አፍ እየተረጨ በአሸዋው ላይ ይፈስ ጀመር። ሴቶቹ ጮኹ፤ ፍየሎቹ ወደ ጭቃው ተሯሯጡ። ወልደሥላሴ ቆሞ አየ። ከዚያ የራሱን ቧንቧ አነሣ፤ ጥርስ ያለውን ጫፏን በፓምፑ አፍ ገጠመ፤ በመዳፉም አዞራት። በልኳ ገባች። የጎበጠው ጫፏ ወደ ገንዳው ዘንበል ብሎ ነበር፤ ውሃውም በእርሱ በኩል ሳይረጭ ወረደ።

ወይዘሮ ባቱሎ በገንዳው ዳር ተቀምጠው አዲስ የወተት ዕቃ ታች መሸመን ጀምረው ነበር። ጎጆዎቹ ላይ ምንጣፉ ይመለስ ጀመር። የጁምዓ አዛን በተሰማ ጊዜ ወንዶቹ ለውዱእ ትጥበት በጎበጠችው ቧንቧ ሥር ተሰለፉ፤ ሱጉሌም ከመካከላቸው ነበር፤ ወደ የትኛው ውሃ የለሽ መንደር እንደሚዛወር አጠገቡ ያለውን ሰው እየጠየቀ።

ጎርፉ ከጎደለ በኋላ ወልደሥላሴ ያለ ኮት፣ በእንጨት በተዘጋ ሞተር፣ ወደ ጅጅጋ ተመለሰ። መንገዱ ድንጋያማ ነበር። ጎማው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ጆሮው ከወንበሩ ሥር የሚመጣውን የቧንቧዋን ድምፅ ይጠብቅ ነበር፤ ድምፁ ግን አልነበረም። ወደ ካራማራ ሲቃረብ መጠበቁን ተወ።